አልደርቅ ያለው የእትዬ ጠጄ ፊት

የሰው ፊት መሣል ያን ያህል ከባድ አይደለም። ከባዱ ባለፊቷን ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነው። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ የተሣለውን ማድረቅ ነው። ይህን ከሰው ሰምቼ አይደለም የምነግራችሁ፤ ሱዳን ድንበር አጠገብ ባለችው ቆላ ከተማ ኮኪት አንዲት ሴትዮ እሥላለሁ ብዬ ከሰኔ ተነሥቼ ሰሊጥ እስኪሰበሰብ ድረስ ስንከራተት ከርሜ ነው። ዛሬም ገበያ ስወጣ ከሰላምታ በፊት "ደረቀች?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም።

ራሴን ላስተዋውቅ፤ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ትንሽ ቆይታችሁ ታፍሩልኛላችሁ። የተወለድኩት ደጋ ነው፤ ቆላ ከወረድኩ ስድስት ዓመቴ። ሥዕል የለመድኩት ኮሌጅ ሳለሁ አብሮኝ ያድር ከነበረ ጓደኛዬ ነው፤ የጎደለውን ከስልክ ቪዲዮ ለቃቅሜ ሞላሁት። ተማሪዎቼ ጎበዝ ሠዓሊ ነው ይሉኛል፤ ያ ጓደኛዬ ደግሞ ጎበዝ የኬሚስትሪ መምህር መሆኔን በየሄደበት ያወራል። ሁለቱም ወገን የሚያመሰግነኝ በማያውቀው ሙያ ነው።

የዘይት ቀለም ጠባዩ ዘገምተኛ ነው። አንዱን ቅብ ትቀባለህ፣ እስኪደርቅ ትጠብቃለህ፤ በላዩ ሁለተኛውን ትደርባለህ፣ ደግሞ ትጠብቃለህ። ነገሩ እንደ ጭቃ ቤት ነው፤ የታችኛው ምርጊት ሳይደርቅ የላይኛውን ከጫንክበት ተያይዞ ይወርዳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ለዘይት ቀለም ሠዓሊ የተተረተ ይመስለኛል፤ ኮኪት ላይ ግን እንቁላሉ እግር ከማውጣቱ በፊት በሙቀቱ ይቀቀላል።

ሥራውን ያመጡልኝ አያ ሞላ ናቸው። አያ ሞላ አርባ ዓመት ሙሉ ሰሊጥና ማሽላ ያረሱ፣ ንግግር የማይወዱ ሽማግሌ ናቸው። ሰላምታ እንኳ ሲሰጡ ግማሹን ሰጥተው ግማሹን ለነገ ያስቀምጡታል። ሰኔ ላይ አንድ ቀን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቁኝና ሰው ትሥላለህ ይባላል አሉኝ። እሞክራለሁ አልኳቸው። እንግዲያው ጠጄን ሣልልኝ አሉ። ጠጄ ባለቤታቸው ናቸው። ለምን ፈለጉ ብዬ ጠየቅኳቸው፤ መጠየቅ አልነበረብኝም። መሬቱን ሲያዩ፣ የጫማዬን ክር ሲያዩ ቆዩና፣

"ግድግዳው ባዶ ነው" አሉኝ።

እውነቱን የነገሩኝ ጎረቤታቸው ናቸው። ጎንደር ያለችው ልጃቸው ነርስ ናት፤ መንታ አርግዛለች። ወልዳ ፈቃዷን ጨርሳ ሥራ ስትገባ ልጆቹን የሚይዝላት ሰው የለም። ስለዚህ እትዬ ጠጄ የዘንድሮው ሰሊጥ እንደተሰበሰበ ወደ ጎንደር ይወጣሉ፤ ቢያንስ ለአንድ ዓመት፣ ሁለትም ሊሆን ይችላል። አያ ሞላ እርሻቸውን ጥለው የትም አይሄዱም። እንግዲህ ሰውየው ሚስታቸው ከመሄዳቸው በፊት ፊታቸው እቤት እንዲቀርላቸው ፈልገዋል። ይህን አፍ አውጥቶ ከመናገር ግን ግድግዳውን ማማት ቀለላቸው።

ፎቶግራፍ አይበቃቸውም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ፎቶማ አላቸው። ስልካቸው ውስጥ አንድ አለ፤ እትዬ ጠጄ ከማድ ቤት ወደ ፍየሎቹ በረት ሲሮጡ የተነሣ ነው፤ የሚታየው የሻሻቸው ጫፍና አንድ ክንድ ነው። ሌላ ፎቶ ላይ ደግሞ ጀርባቸው አለ። ሴትዮዋ ቆም ብለው አያውቁም። ክረምት አረም ሲታረም፣ በልግ ጎተራ ሲጠረግ፣ ለሠላሳ የቀን ሠራተኛ ስንቅ ሲቋጠር፣ ዶሮ ሲታከም፣ የተጣላ ሲታረቅ እሳቸው የሌሉበት ቦታ የለም። ሲበሉም በእግራቸው ቆመው ነው። እኔ ስድስት ዓመት በዚያ ከተማ ስኖር ቁጭ ብለው ያየኋቸው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም አሟቸው ነበር።

ጉዳዩን ስነግራቸው ስንት ደቂቃ ይፈጃል አሉኝ። በቀን ሁለት ሰዓት፣ ለአሥር ቀን ያህል ብል ሳቁና ጥለውኝ ሄዱ። በማግስቱ አያ ሞላ ራሳቸው ወንበር አውጥተው በረንዳው ላይ አስቀመጡ፤ ከዚያ ማድ ቤት ገብተው ምን እንዳሏቸው እንጃ፣ እትዬ ጠጄ ምስር በሰፌድ ይዘው መጡና ተቀመጡ። ምስሩን እየለቀምኩ ከሆነ እቀመጣለሁ፣ አለበለዚያ ግን ሥራ የሌላትን ሴት ፈልግ አሉኝ። እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። ምስር የሚለቅም ሰው አንገቱን ይደፋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ሻሻቸውን ሣልኩ። ቀና ሲሉ ደግሞ አንዱን ለማዘዝ ነው። አፋቸውን በስምንት ዓይነት ቅርጽ ከጀመርኩ በኋላ ተስፋ ቆርጬ ወደ ግንባራቸው ወጣሁ።

አያ ሞላ እንዳትነሣ ልጠብቅ ብለው በርጩማ አመጡና ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ። ጥበቃው አያስፈልግም ነበር፤ እሳቸው ግን በየቀኑ ተረኛ ሆኑ። በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ሲያዩዋቸው ቆዩና፣

"ቅንድብሽ ላይ ያለው ጠባሳ ከየት መጣ?" አሏቸው።

እትዬ ጠጄ ምስሩን ተዉት። "የጎተራው በር የመታኝ ነው። ሃያ ዓመቱ እኮ ነው። እስከ ዛሬ አላየኸውም?"

"መቼ ቆመሽ አሳየሽኝ" አሉ አያ ሞላ።

እኔ ብሩሽ የማጥብ መስዬ ጎንበስ አልኩ። ሠዓሊ መሆን አንዱ ችግሩ ይኸው ነው፤ ሰዎቹ አንተን እንደ ወንበር ይቆጥሩህና ሁሉን ነገር ፊትህ ያወሩታል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የዘይት ቀለም የሚለዝበው በተልባ ዘይት ነው። አንዲት ጠርሙስ የተልባ ዘይት በሰው በሰው ከአዲስ አበባ አስመጥቼ እንደ ጠበል ነበር የምቆጥባት። ከእኔ ጋር ቤት የተከራየ አንድ የስፖርት መምህር አለ፤ ስሙን አልጠራም፣ የእጁን አግኝቷል። ይህ ሰው ሆዱ ከቆላው ምግብ ጋር አልታረቀም። ጠርሙሷን አይቶ ምንድን ናት ሲለኝ ተልባ ናት አልኩት። ተልባ ለሆድ ድርቀት መድኃኒት መሆኑን የማያውቅ አበሻ ደግሞ የት ይገኛል። ትምህርት አስተምሬ ስመለስ ጠርሙሷ ባዶዋን ጠረጴዛ ላይ ቆማለች፤ እሱ አልጋው ላይ ተጋድሞ ደህና ናት፣ ትንሽ ትመራለች እንጂ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ከቤት ወደ ጓሮ ሲመላለስ ዓመቱን በሙሉ ተማሪዎቹን ካስሮጠው በላይ ሮጠ። እሱ ሆዱ ተከፈተለት፤ እኔ ያለ ዘይት ቀረሁ።

ዙሪያዬን ብመለከት ሰሊጥ ነው። በስተግራ ሰሊጥ፣ በስተቀኝ ሰሊጥ፣ ከድንበሩ ማዶ ያሉት ሱዳኖች ሰምሲም እያሉ የሚያወድሱት ሰሊጥ። ዘይቱ በየቤቱ በጄሪካን አለ። የውጭ ሀገር ሠዓሊ በተልባ ቢሣል ሰሊጥ ስለሌለው ነው፣ እኔ ሰሊጥ አገር ተቀምጬ ለተልባ አልለማመጥም አልኩ። ዘይት ያው ዘይት ነው አልኩ። ይህን ያለው፣ ልብ በሉ፣ የኬሚስትሪ መምህር ነው። አያ ሞላን ለቀለሜ የሰሊጥ ዘይት ስጡኝ ብላቸው ምንም ሳይጠይቁኝ አንድ ጠርሙስ ሞልተው ሰጡኝ።

መጀመሪያ ላይ ደስ የሚል ነገር ነበር። ቀለሙ ይንሸራተታል፣ ይወዛል፣ በእትዬ ጠጄ ጉንጭ ላይ ወርቅ የመሰለ ብርሃን ያሳርፋል። ሽታው ራሱ ያስርባል። አንድ ሳምንት ጠብቄ በጣቴ ብነካው ጣቴ ጉንጫቸውን ይዞ መጣ። ክረምት ነው፣ እርጥበት ነው አልኩ። ሁለተኛ ሳምንት ጠበቅኩ፤ ያው ነው። ትዕግሥቴ አለቀና ሁለተኛውን ቅብ በላዩ ጫንኩበት። በማግስቱ ሥዕሉ የሚያድርበትን ጎጆ በር ስከፍት የእትዬ ጠጄ አፍንጫ ወደ ከንፈራቸው ወርዶ አገኘሁት። ፋቅኩትና ይቅርታ፣ እንደገና እንጀምር አልኳቸው። ተቆጡ፤ ግን ተቀመጡ።

ነሐሴ ላይ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ሸራውን ተሸክሜ ወደ ውጭ መሮጥ ጀመርኩ። ነፋስ መጣና የፍየል በረት ገለባ አለበሰው። በመርፌ ለቅሜ ጨረስኩ ስል ዝንብ ሠፈረበት፤ የሠፈረው ሁሉ አልተነሣም። አንድ ፌንጣ ከቅንድባቸው በላይ ተጣብቆ ሲንፈራገጥ፣ ጎረቤቲቱ ከሩቅ አይተው ጠጄ ግንባሯ ላይ ምን ያለ ጌጥ አሠርታለች አሉ። የመጨረሻው ግን የፍየሏ ነው። የዘይት ቀለም በተልባ ሲሠራ ፍየል አይቀርበውም ይመስለኛል፤ በሰሊጥ ሲሠራ ግን ወጥ ነው። ውሃ ልጠጣ ገብቼ ስመለስ የእትዬ ጠጄ የራሳቸው ፍየል አገጫቸውን እስከ ታችኛው ከንፈር ድረስ ልሳ ጨርሳ ወደ ጉንጫቸው እያለፈች ነበር። እትዬ ጠጄ ሥዕሉ ሳያልቅ አላይም ብለው ምለው ስለነበር ሸራውን አላዩም፤ የፍየሏን ምላስ ግን አዩት። ቡናማ ነበር። አርባ ዓመት ጠብቄ የያዝኩትን ፊት ለፍየል አበላህብኝ ብለው ቀኑን ሙሉ አላናገሩኝም። በማግስቱ ግን መጥተው ተቀመጡ።

ወሬው በከተማው ተዳረሰ። ሰው ሁሉ የራሱን ምክር ይዞ መጣ፤ ምክር ብቻ ቢሆን በጎ ነበር፣ ጣቱንም ይዞ ነው የመጣው። ደረቀ ወይ ይልና ሳልመልስለት ይነካዋል። ጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት እህት ትኩሳት እንደምትለካ በእጇ ጀርባ ግንባሩን ዳሰሰች። አንድ ፖሊስ ወዳጄ ሸራውን ጠጋ ብሎ ካየ በኋላ፣ የኮኪት ነዋሪ አሻራ በሙሉ እዚህ ስላለ ጠፍቶብን የሚፈለግ ሰው ሲኖር ይህን እናያለን አለኝ። ሁለተኛ ፋቅኩት። መስከረም ላይ ሦስተኛ ፋቅኩት። አሁን የክረምት እርጥበት የሚባል ሰበብም የለኝም፤ ድንጋይ የሚሰነጥቅ ፀሐይ ነው። የታጠበ ልብስ ገመዱ ላይ ሳይሰጣ ይደርቃል፤ የእትዬ ጠጄ ፊት ብቻ ያወዛል።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር ተለውጦ ነበር፤ እኔ በንዴቴ ተይዤ ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው። እትዬ ጠጄ ምስር ይዘው መምጣታቸውን ትተዋል። ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ያኖሩታል። ፍየሎቹ ሲጮኹ ማነህ፣ እያቸው ይላሉ እንጂ አይነሡም። አያ ሞላም፣ እኚያ ቃል እንደ ዘር የሚቆጥቡት ሰውዬ፣ ወሬ ጀምረዋል። ቆላ የወረዱ ጊዜ በወባ ተይዘው እትዬ ጠጄ በጀርባቸው ተሸክመው ወንዝ እንዳሻገሯቸው ያኔ ነው የሰማሁት። እትዬ ጠጄ ከባድ አልነበርክም፣ ግን ትወራጭ ነበር አሏቸው። ሁለቱም ሳቁ። ሲስቁ ጥርሳቸውን ልሥል ብዬ ያነሣሁትን ብሩሽ መልሼ አስቀመጥኩት፤ እኔም አብሬ እየሳቅኩ ነበርና።

ሰሊጥ ደረሰ። ሰሊጥ ሲደርስ ቆላ ውስጥ የሚቀመጥ የለም፤ ከደጋ የወረደው ሠራተኛ ከተማውን ይሞላዋል፣ የጭነት መኪናው ይጮኻል። የታጨደው ነዶ ሂላ ተብሎ እርስ በርሱ ተደግፎ ቆሞ ይደርቃል፤ ጥቂት ቀን ከዘገየህበት ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። አያ ሞላ በዚያ ጥድፊያ መሐል እኩለ ቀን ሲሆን ከእርሻው እየመጡ በርጩማቸው ላይ ይቀመጡ ነበር። ሰው ሁሉ ሞላን ምን ነካው አለ። እኔ ደግሞ ሳምንቱን እቆጥራለሁ። ልጃቸው ከወለደች ቆይታለች፤ ሴቶች ልጆች ናቸው፤ እናቷን በየቀኑ በስልክ መቼ ነው የምትመጪው ትላለች። የመሄጃቸው ቀን ተቆርጧል፤ ሥዕሉ ግን ገና ያወዛል። አያ ሞላ ባዶ ግድግዳ ይዘው ሊቀሩ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ ብዬ አልዋሻችሁም፣ ተኝቻለሁ፤ ግን ምግብ አልበላ አለኝ።

ያወጣኝ ይርጋ የሚባል ጎጃሜ ነው። አርባ ዓመት የደፈነ፣ በየዓመቱ ለአጨዳ አያ ሞላ ጋ የሚመጣ ሰው ነው። በደመወዝ ጉዳይ ሊያነጋግራቸው መጥቶ ሸራውን አየና አሸተተው።

"ኧረግ መምህር፣ ይሄ ሰሊጥ አይደለም ወይ?"

ሰሊጥ ነው አልኩት።

"ሰሊጥ መቼ ይደርቃል። የኛ አገር አናጢ በር የሚቀባው በተልባ ነው፤ እሱ ነው እንደ ቆዳ ድርቅ የሚል። እንዴ፣ አንተ የተማርክ ሰው አይደለህም?"

እዚያው ቆሜ ሁሉ ነገር ከሁለተኛ ዓመት ደብተሬ ገጽ ላይ እየተነሣ መጣብኝ። ዘይት እንደ ልብስ አይደርቅም፤ አየር ጠጥቶ ነው የሚጠነክር። ተልባ አየር ይጠጣል፤ ሰሊጥ በቅጡ አይጠጣም። ይህን ነገር ለፈተና ጽፌ ሙሉ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የተባለው ለእኔ ነው፤ ልዩነቱ እኔን አስቀድሞ የመከረኝ የራሴ ደብተር መሆኑ ነው።

ይርጋ ለሆዱ ብሎ ከአገሩ የያዘው ተልባ በስልቻው ነበረው፤ ግማሹን ሰፈረልኝ። ለአያ ሞላ ግን ምንም አትንገራቸው ብዬ ለመንኩት፤ አፍሬ ነበር። ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ ይባላል፤ መውቀጡስ ቀላል ሆነ፣ ዘይቱን ማውጣት ነው ያስቸገረው። በእጄ ብጨምቅ ላቤ እንጂ ዘይቱ አልወጣ አለ። በመጨረሻ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ለምኜ፣ ዱቄቱን በጨርቅ ቋጥረን በሁለት ብረት መካከል አድርገን ክሪክ ሥር አስገብተን፣ በክሪኩ መኪናውን ሽቅብ ስናነሣበት ሰሊጥ የጫነው መኪና በሙሉ ክብደቱ ተልባዋ ላይ ተቀመጠባት። ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ዘይት ወጣ። ሾፌሩ ብዙ ነገር በክሪክ አንሥቻለሁ፣ ሥዕል ግን የመጀመሪያዬ ነው አለ። ለስፖርት መምህሩ የት እንዳስቀመጥኩት አልነገርኩትም።

አዲስ ሸራ ወጠርኩና በቀሩት ቀናት ሠራሁ። እትዬ ጠጄ ጓዛቸውን እየቋጠሩ ስለነበር የተቀመጡልኝ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ግን ሦስት ጊዜ በቂ ነበር፤ ያን ፊት ከሰኔ ጀምሮ አራት ጊዜ ሥዬው፣ ሦስት ጊዜ ፍቄው፣ በጨለማም የማውቀው ፊት ሆኗል። በስሱ ቀባሁ፤ ፀሐዩም አገዘኝ። በስሱ የተቀባ ተልባ በዚያ ፀሐይ ምን እንደሚሆን ያኔ አየሁ። ሊሄዱ በተቆረጠው ዕለት ማለዳ ጉንጩን ብነካው ጣቴ ንጹሕ ሆኖ ተመለሰ። እንደ አታሞ ብመታው ጓ ጓ አለ። ከደስታዬ ብዛት የስፖርት መምህሩን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ አስነካሁት።

መንገዱ ክፍት ነው ስለተባለ ሚኒባሱ ማልዶ በየበሩ ሰው እየጫነ ነበር። ሸራውን በጨርቅ ሸፍኜ ስደርስ የእትዬ ጠጄ ሻንጣ ከበሩ ላይ ተቀምጧል፤ እሳቸው እጓዳ ናቸው። አያ ሞላ በረንዳው ላይ ብቻቸውን ቆመዋል። ገለጥኩላቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጣታቸውን ሰደው ጠባሳውን ነኩት፤ ጣታቸውን ገልብጠው አዩ።

"ኸላስ" አሉ። ከማዶ የተዋስናት ቃል ናት፣ አለቀ ማለት ነው። ግን እንደተደሰተ ሰው አላሏትም።

ያልወደዱት መስሎኝ ደነገጥኩና ጥፋቴን ሁሉ ዘረገፍኩት፤ የሰሊጡን፣ የተልባውን፣ የይርጋን፣ የክሪኩን። ባላዋቂነቴ አራት ወር አንከራተትኳችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ አልኳቸው።

"ሰሊጥ አርባ ዓመት እጄ ላይ አልደረቀም" አሉኝ። "ሸራ ላይ ይደርቃል ብዬ ነው የሰጠሁህ?"

"ታዲያ ያኔ ምነው ዝም አሉኝ?"

ወደ ጓዳው በር አዩ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ቢደርቅ በአሥር ቀን ታልቅብኝ ነበር። አርባ ዓመት ስትሮጥ ጀርባዋን ነው ያየሁ። ዘንድሮ ፊቷን አየሁ። ለምን ይደርቃል ብዬ ላስቸኩልህ?"

ሸራውን ከበረንዳው ምሰሶ አስደገፍኩት። ዞር ስል እትዬ ጠጄ ነጠላቸውን እንዳጣፉ በሩ ላይ ቆመዋል። ሰምተዋል። መጥተው ሥዕሉ ፊት ቆሙ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየታቸው ነው። እጇን ጭኗ ላይ አኑራ የተቀመጠችውን ሴት ከላይ እስከ ታች ተመለከቷት።

"ይቺ ሴትዮ ሥራ የላትም እንዴ?" አሉ።

ዓይናቸው ግን ሞልቶ ነበር። የእኔም። የአያ ሞላን አላውቅም፤ ግድግዳውን ያዩ ነበር።

ሚኒባሱ ደጅ ላይ ክላክሱን ነፋ። ረዳቱ ገብቶ ሻንጣውን አነሣ። እትዬ ጠጄ ቆይ አሉትና ወደ ሥዕሉ ጠጋ ብለው አጥብቀው አዩ።

"ጆሮዬን አበላሽተኸዋል" አሉኝ።

ጆሮ አልሣልኩም። በሥዕሉ ላይ ሻሻቸው ጆሯቸውን ሸፍኖታል፤ ሁለቱንም። አፌን ከፍቼ ልናገር ስል የአያ ሞላ ዓይን ያዘኝ፤ ዘጋሁት።

"እንዲህ ሆኖማ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም" አሉ እትዬ ጠጄ። ረዳቱን ሻንጣዬን አስቀምጥ፣ ነገም መኪና አለ፣ ለልጄ እኔ እደውልላታለሁ ብለው አሰናበቱት። ከዚያ ወንበሩን ራሳቸው ስበው ከቦታው አደረጉና ተቀመጡ፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። አያ ሞላም በርጩማቸውን አምጥተው ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ።

ቀለሜ ሁሉ እቤት ቀርቷል። ከኪሴ አንዲት የደረቀች ብሩሽ አወጣሁና፣ እትዬ ጠጄ እባክዎ ትንሽ ቀና ይበሉልኝ አልኳቸው። ቀና አሉ። ያቺን የደረቀች ብሩሽ ይዤ፣ በደረቀው ሥዕል ላይ፣ የሌለውን ጆሮ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሣልኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ቀስ ብዬ ሥዬ አላውቅም።